በሀብሩ ወረዳ የግብርና ድጋፍና የአፈር ጥበቃ ክፍያ

በሀብሩ ወረዳ የግብርና ድጋፍና የአፈር ጥበቃ ክፍያ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ ዞን፣ በሀብሩ ወረዳ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ከመንግሥት የሚያገኙትን የገንዘብ፣ የእህል፣ የብድርና የግብዓት ድጋፍ እንዲሁም ድጋፉ ወደ እነርሱ የሚደርስበትን መንገድ ይመለከታል። ከድጋፎቹ ሁሉ ሰፊው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። እርከን ለመሥራት፣ ተራራ ለመከለልና ቦረቦር ለመድፈን የሚውለው ገንዘብ በብዛት የሚመጣው በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ ሲሆን መልኩም የጉልበት ክፍያ ነው። አርሶ አደሩ በግሉ ማመልከቻ ጽፎ ለማሳው የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም። የሚመጣው በቀበሌ በኩል፣ በስም ዝርዝር ነው። በዚህ ምክንያት ድጋፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዝርዝሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አካባቢው

ሀብሩ (ሐብሩ ተብሎም ይጻፋል) በደቡብ በሚሌ ወንዝ ከደቡብ ወሎ፣ በሰሜን በአላውሃ ወንዝ ከቆቦ ይለያል። በምዕራብ ጉባ ላፍቶ ወረዳ፣ በምሥራቅ የአፋር ክልል ያዋስኑታል። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ስትሆን ከዞኑ ዋና ከተማ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች። ግራና (ጊራና)፣ ውርጌሳና ስሪንቃ ሌሎቹ የወረዳው ከተሞች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወረዳው ሕዝብ ከ190 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛውም የገጠር ነዋሪ ነው።

ከምዕራቡ ከፍታ ወደ ምሥራቁ ቆላ የሚወርደው መሬት ዳገታማ ነው። ዝናቡ በክረምት አንድ ጊዜ በኃይል ይጥልና ይቆማል፤ በልጉ ደግሞ የማይታመን ነው። ጎርፉ የዳገቱን አፈር ጠርጎ ወደ ሜዳው ያወርደዋል። በዳገቱ ያለው ገበሬ አፈሩን ያጣል፣ በሜዳው ያለው ደግሞ ማሳው በአሸዋና በድንጋይ ይሞላበታል። ዳገቱ ላይ የሚሠራ እርከን የሜዳውንም ገበሬ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የአፈር ጥበቃ ሥራ በግለሰብ ማሳ ሳይሆን በተፋሰስ የሚታቀድበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ዋና ዋናዎቹ ሰብሎች ማሽላና ጤፍ ናቸው። ውኃ በሚገኝበት ሽንኩርትና ፍራፍሬ በመስኖ ይመረታል። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተባለው የክልሉ መንግሥት ሥራ ስሙን ከዚህ ቦታ ያገኘ ሲሆን በሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃን ለመስኖ ለማዋል የተቋቋመ ነው።

ከምግብ ለሥራ እስከ ሴፍቲኔት

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ፣ ከዚያም በ1977ቱ ድርቅ እጅግ ከተጎዱት የሀገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። ከመጀመሪያው ረሃብ በኋላ በ1966 የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዕርዳታ በነጻ ከማደል ይልቅ በሥራ መክፈል የሚለው አሠራርም እየሰፋ ሄደ፤ ሰው እርከን ሠርቶ ስንዴና ዘይት ይቀበል ነበር። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በደን፣ በግጦሽና በእርሻ መሬት ማገገም ላይ ያተኮረ ትልቅ የምግብ ለሥራ ፕሮጀክት በኢትዮጵያ ጀመረ። ይህ ፕሮጀክት ከብዙ ለውጥ በኋላ በ1995 ሜረት የሚል ስም ያዘ።

በደርግ ዘመን ሥራውን የሚያንቀሳቅሱት የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቷል፤ ዳገቱ ተከልሎ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ይሁን እንጂ ገበሬው በዕቅዱ ላይ እምብዛም ድምፅ አልነበረውም፤ የተከለለው ተራራም የእኔ ነው የሚል አልነበረውም። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ደኑ ተቆረጠ፣ እርከኑም ፈረሰ። ከዚህ በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ሁሉ «ኅብረተሰቡን ያሳተፈ» የሚለውን ቃል አጥብቀው የያዙት ይህን በማስታወስ ይመስላል። ቃሉ ምን ያህል በሥራ እንደዋለ ግን ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል።

ምግብ ለሥራ ትልቁ ችግሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚለመን መሆኑ ነበር። መንግሥት የዓመቱን ረጂ ቁጥር ያውጃል፣ ለጋሾች ቃል ይገባሉ፣ እህሉ በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። ገበሬው እጅ እስኪደርስ ድረስ በሬው ተሽጧል። በ1995 ዓ.ም. ዕርዳታ ፈላጊው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሲሆን መንግሥትና ለጋሾች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሐሳቡ በየዓመቱ እንደሚራብ አስቀድሞ የሚታወቅ ሰው ካለ በጀቱም አስቀድሞ ይያዝለት የሚል ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚህ መሠረት በጥር 1997 ዓ.ም. ተጀመረ። ሲጀመር ተጠቃሚዎቹ 5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በኋላ 8 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ከዓለም ባንክ፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከሌሎች ለጋሾች ሲመጣ ቆይቷል። ሀብሩ በፕሮግራሙ ከታቀፉት የሰሜን ወሎ ወረዳዎች አንዱ ነው።

የክፍያው ስሌት

ፕሮግራሙ ሁለት መልክ አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል። ጉልበት የሌለው፣ ማለትም ረዳት የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ያሉበት ቤተሰብ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከሥራ ወጥታ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ትገባለች። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው አራተኛ ምዕራፍ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት ክፍያቸው ከ6 ወር ወደ 12 ወር ከፍ ብሏል።

በማኅበረሰብ ሥራ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። ሥራው ለ6 ወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ይቆያል። ሕፃናት አይሠሩም፤ የእነርሱን ቀን ወላጆች ይሠሩላቸዋል። ስለዚህ 5 አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 25፣ በዓመት 150 የሥራ ቀን አለው ማለት ነው። ክፍያው ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ይህ ቤተሰብ በዓመቱ 900 ብር ወይም 450 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር።

ተመሳሳዩን ስሌት ከመሬቱ በኩል ማየት ይቻላል። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ባወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ የሥራ ልክ መሠረት 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይፈጃል። የድንጋይ እርከን ከሆነ 250 ነው። እንግዲህ የአንድ ባለ 5 አባል ቤተሰብ የዓመት ድርሻ ከ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ጋር እኩል ይመጣል። የቀበሌው ባለሙያ ዕቅድ ሲያወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ስንት ሰው ቀን አለኝ፣ በእርሱስ ስንት እርከን፣ ስንት ክትር፣ ስንት የችግኝ ጉድጓድ ይወጣል ይላል። ከእርከን ሌላ የገጠር መንገድ፣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የውኃ ጉድጓድና የአነስተኛ መስኖ ቦይም በዚሁ ጉልበት ይሠራሉ።

የብሩና የእህሉ ምርጫ ቀላል አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢደረግም ያ ገንዘብ 3 ኪሎ አይገዛም ነበር፤ በብር ይከፈላቸው የነበሩ ብዙ ተጠቃሚዎች እህሉን መረጡ። በሌላ በኩል ብር ቶሎ ይደርሳል፣ ለልጅ ደብተርና ለጨው ይሆናል። ለነጋዴውም ገበያ ይፈጥርለታል።

ትልቁ ቅሬታ ግን መዘግየት ነው። በፕሮግራሙ ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ግምገማዎች ክፍያ ከሥራው ወር ብዙ እየቆየ እንደሚደርስ ደጋግመው አመልክተዋል። ሴፍቲኔት የተፈጠረው ሰው በችግር ወራት ከብቱን እንዳይሸጥ ነው። የሚያዝያው ክፍያ በሐምሌ ከደረሰ ፍየሏ ቀድማ ገበያ ወጥታለች፤ ወይም ቤተሰቡ ለአራጣ አበዳሪ ዕዳ ገብቷል።

ስም ዝርዝሩ

አንድ የግራና ገበሬ ሴፍቲኔት ውስጥ ለመግባት የሚሄደው ወደ ወልድያ ወይም ወደ መርሳ አይደለም። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከጎጡ ነው። ጎረቤቶቹ ያሉበት የማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል እጩዎችን ይለያል፣ የቀበሌው ግብረ ኃይል ያሰባስባል፣ ስሙ በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፣ የቀበሌው ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ይላካል። ዋናው መስፈርት ቤተሰቡ ባለፉት 3 ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት መሆኑ ነው። በድንገት ሀብቱን ያጣና ከዘመድም ሆነ ከሌላ ወገን ረዳት የሌለው ቤተሰብም ይታያል።

አሠራሩ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። እምነቱ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የማን ጎተራ መቼ እንደሚያልቅ ከመንደሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ችግሩ ያለው በኮታ ላይ ነው። ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ይከፋፈላል። ቀበሌው የተሰጠው ቦታ ለ300 ቤተሰብ ከሆነና መስፈርቱን የሚያሟላው 500 ከሆነ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው) ግብረ ኃይሉ ድሃውን ከሀብታም ሳይሆን ድሃውን ከድሃ ለመምረጥ ይገደዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ ቦታ የተፈለገው መፍትሔ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ማካፈል ነበር። 7 አባላት ያሉት ቤተሰብ የ3 ሰው ብቻ ይመዘገብለታል። ይህ በመንደር ሚዛን ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንንም ከረሃብ የማያወጣ ስለሆነ መመሪያው የቤተሰቡ አባላት በሙሉ እንዲመዘገቡ ያዝ ነበር።

የጸደቀው ዝርዝር ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ስሙ የቀረበት ሰው ለቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ኮሚቴው ዝርዝሩን ካዘጋጀው ግብረ ኃይል የተለየ እንዲሆን የተደረገው በራሱ ጉዳይ ዳኛ እንዳይሆን ነው። በቀበሌ ያልተፈታ ቅሬታ ወደ ወረዳው ይሄዳል። በወረቀት ላይ መንገዱ ይህ ነው፤ ሆኖም ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ነገ ማዳበሪያ የሚመዘግብና የመሬት ጉዳይ የሚያይ ከሆነ ቅሬታ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል።

ቤተሰቡ ራሱን ችሏል ሲባል «ይመረቃል»፤ ማለትም ከዝርዝሩ ይወጣል። ምረቃም ኮታ ሲኖረው ሰው ሳይደርስ ይመረቃል።

ስለ ዝርዝሩ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። ሥራ የተገኘበት ቀንና ክፍያው ፓስ በተባለ ሶፍትዌር ይሰላል፤ በኋላ ደግሞ በባንክና በኤሌክትሮኒክ መንገድ መክፈል እየተስፋፋ መጥቷል። ኃይሌ፣ ሐይሌና ሀይሌ ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ወረዳው ራሱ ሀብሩም ሐብሩም፣ ከተማዋም ግራናም ጊራናም ተብላ እንደምትጻፍ ከላይ ታይቷል። በቀበሌው መዝገብ፣ በመታወቂያውና በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ መሆኑን ቀድሞ ማረጋገጥ ትንሽ ነገር ቢመስልም ከብዙ ምልልስ ያድናል።

ብድር፣ ዘርና ማዳበሪያ

ሴፍቲኔት ሰውን ከመውደቅ ይይዛል እንጂ ብቻውን አያነሣም ተብሎ ስለታሰበ ከጎኑ የብድር ፕሮግራም ነበረ። መጀመሪያ የቤተሰብ ፓኬጅ ይባል ነበር፤ ፍየል፣ የሚደልብ በሬ፣ ንብ ከነቀፎው፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር በብድር ይሰጥ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አሠራሩ ተለውጦ ብድሩ በአብዛኛው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምና በገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ተቋሙ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ድርቅ በመጣ ዓመት ንቡ ይሰደዳል፣ ፍየሏም ትሞታለች፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ብዙ ድሃ ቤተሰቦች ብድር የሚፈሩት በዚህ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ለእጅግ ድሆቹ የማይመለስ የመቋቋሚያ ድጋፍ የተጨመረውም ይህ ስለታየ ነው።

ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለመውሰድ ሴፍቲኔት ውስጥ መሆን አያስፈልግም። ገበሬው ፍላጎቱን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያስመዘግባል፣ ማዳበሪያው በዩኒየን በኩል ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይመጣል፣ እዚያው ከፍሎ ወይም በብድር ኩፖን ይወስዳል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት ተከስቶ አርሶ አደሮች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤቱታ ማሰማታቸው ይታወሳል።

በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች ይመደባሉ፤ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልም እንዲኖር ይጠበቃል። በዚህ ረገድ ሀብሩ ዕድለኛ ወረዳ ነው። የግብርና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የመርሳ ግብርና ኮሌጅ የሚገኘው በዚሁ ነው። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም እንዲሁ። ማዕከሉ ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ ግራና 1 ይባላል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችንም አውጥቷል።

ያለ ክፍያ የሚሠራው እርከን

ከሴፍቲኔት ጎን ለጎን ሌላ ሥራ አለ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በየዓመቱ ከመኸር በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት፣ የገጠሩ ሕዝብ ለተወሰኑ ቀናት በነጻ ጉልበት በተፋሰስ ሥራ ላይ ይሰማራል። ለዚህ ክፍያ የለም። በአንድ ተራራ ላይ በአንድ ወቅት የሚከፈለውና የማይከፈለው ሰው ጎን ለጎን የሚቆፍርበት ጊዜ አለ፤ ጥያቄ ማስነሣቱም አይቀርም።

ሕጉ የአፈር ጥበቃን የባለይዞታው ግዴታ አድርጎታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይደረግበት ከልክሏል፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራ ብቻ ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ለዳገት ገበሬ ይህ ከባድ ነው። ማሳው ሁሉ ዳገት ላይ ሲሆን እርከኑ ከሰብል መሬቱ ላይ ቦታ ይወስድበታል፤ ጥቅሙ የሚታየው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው። በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ ሣር ወይም ሌላ መኖ መትከል የሚመከረው የተወሰደውን ቦታ በከብት መኖ ለመካስ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው ሰው መሬቱ ነገ እንደማይወሰድበት ስለሚያምን እርከኑን የመጠገን ፍላጎቱ ይጨምራል፤ በክልሉ በ1989 የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ገበሬ ይህ ይገባዋል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ መንግሥት ለአፈር ጥበቃ የሚከፍለው በቀጥታ ለባለመሬቱ ነው። ከአቧራ ማዕበሉ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮም በቀላሉ የሚሸረሸር መሬቱን ከእርሻ ለሚያወጣ ገበሬ መንግሥት ከ10 እስከ 15 ዓመት ኪራይ ይከፍለዋል። ገበሬው በካውንቲው ባለ ቢሮ ቀርቦ ያመለክታል። ለሀብሩ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የህንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የህንድ የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ለጠየቀ የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በዓመት 100 የሥራ ቀን መብት አድርጎ ሰጥቶ ነበር። በሴፍቲኔት ግን የሚጠይቀው ሳይሆን የሚመረጠው ነው የሚገባው።

ውጤትና የቅርብ ጊዜ ሁኔታ

በሳተላይት ምስል ላይ የተመሠረተ አንድ ጥናት ሴፍቲኔት በሚሠራባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2019 ባለው ጊዜ በፕሮግራሙ ምክንያት የዛፍ ሽፋን 3.8 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ጭማሪው ይበልጥ የታየው ሕዝብ ባልተጨናነቀባቸውና ዳገታማ በሆኑ ቦታዎች ነው።

ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ሥር ነበሩ። በጦርነቱ የመንግሥት ቢሮዎች፣ ባንኮችና ማኅበራት ሥራ አቁመዋል፤ ብዙ ንብረትም ወድሟል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ባለሙያ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እንዳይንቀሳቀስና ግብዓት በመንገድ እንዳይደርስ እንቅፋት ሆኗል። የፕሮግራሙ አምስተኛ ምዕራፍ በ2013 የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ ውኃው አንድ ቦታ ላይ ሰብሮ ይወጣና ከታች ያለውን ሁሉ ተከታትሎ ይሰብራል። ሥራ በተቋረጠበት ዓመት ተራራው ላይ የሚቀረው ይህ ጥገና ነው።